የአሜሪካ ሴቶች የእራፊ ብርድ ልብስ ሥራና የሠሪዎቹ ስም

የእጅ ጥበብ ሁለት ወገን ነው። አንደኛው በባለጸጎች ትእዛዝ፥ ዋጋ ተከፍሎበት የሚሠራ፥ የሠሪውም ስም በመጽሐፍ የሚጻፍለት ነው። ሁለተኛው ግን በገበሬ ቤት፥ በማታ መብራት አጠገብ፥ ከቤት ሥራ በተረፈች ሰዓት የሚሠራ ነው፤ ከቤተ ዘመድ በቀር ተመልካች የለውም፤ ሠሪው በሞተ ጊዜም ስሙ ከእርሱ ጋር ይቀበራል። ይህን ሁለተኛውን ወገን የአሜሪካ ሊቃውንት የሕዝብ ጥበብ ብለው ይጠሩታል። እኛም ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ፥ ከዚሁ ከሕዝብ ጥበብ መካከል በሴቶች እጅ የሚሠራውን የእራፊ ብርድ ልብስ፥ ይልቁንም የሠሪዎቹ ስም እንዴት እንደ ጠፋና እንዴት እንደ ተገኘ ለአንባቢዎቻችን ልንገልጽ ወደድን። የዓመቱን ቍጥር ሁሉ የጻፍነው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በአሜሪካ አገር የሕዝብ ጥበብ የሚባለው ብዙ ዓይነት አለው። በጣራ ላይ ቆሞ የነፋሱን አቅጣጫ የሚያሳይ የመዳብ አውራ ዶሮ፥ አዳኞች የዱር ዳክዬን ለማታለል ከእንጨት የሚቀርጹት ዳክዬ፥ በሱቅ ደጃፍ የሚሰቀል የተሳለ ሰሌዳ፥ ይህ ሁሉ በዚሁ ስም ይጠራል። ከሠዓሊዎቹም መካከል ከ1780 እስከ 1849 ዓ.ም. የኖሩት ኤድዋርድ ሂክስ የታወቁ ናቸው። እኒህ ሰው ሠረገላና የሱቅ ሰሌዳ በመቀባት የሚተዳደሩ፥ ኩዌከር በሚባለውም የክርስቲያን ማኅበር ውስጥ ሰባኪ ነበሩ፤ ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 11 ስለ አውሬና ስለ እንስሳ ዕርቅ የተናገረውን 60 ጊዜ ያህል እየደጋገሙ ሥለውታል። ሰሌዳና ሐውልት ግን በአብዛኛው የወንዶች ሥራ ሆኖ ሲኖር፥ ሴቶቹ ሐሳባቸውንና ኀዘናቸውን የገለጹት በመርፌና በክር ነው።

ይህ የመርፌ ሥራ በአገሩ ቋንቋ ኩዊልት ይባላል። ኩዊልት ሦስት ድርብ ያለው ብርድ ልብስ ነው። የላይኛው ድርብ ዓይን የሚያየው ጌጡ ነው፤ የመካከለኛው የተነደፈ ጥጥ ወይም የተበጠረ የበግ ጠጕር ሲሆን ሙቀት የሚሰጠው እርሱ ነው፤ የታችኛው ገበሩ ነው። ሦስቱ በመርፌ ካልተያያዙ ግን ጥጡ ከጊዜ በኋላ ወደ አንድ ወገን እየሸሸ ይከመራል፤ ስለዚህ ሴቶቹ ከላይ እስከ ታች በሚዘልቅ ጥቃቅን ስፌት ሦስቱን አንድ ያደርጓቸዋል። እጇ የተመሰገነላት ሴት በአንድ ኢንች ቦታ ላይ እስከ 10 ስፌት፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ የበለጠ ታሳርፋለች። ስፌቱ እንዲሁ በዘፈቀደ የሚሄድ አይደለም፤ የአበባ፥ የላባ፥ የማዕበል መልክ እየሠራ ይሄዳልና፥ ብርድ ልብሱ በብርሃን ፊት ሲዘረጋ የተቀረጸ ይመስላል።

የላይኛው ድርብ የሚሠራበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ልዩ ልዩ ቀለም ያለውን ቍራጭ ጨርቅ ጠርዙን ከጠርዝ እየገጠሙ መስፋት ነው። ሁለተኛው ደግሞ በአበባ፥ በወፍ ወይም በሰው መልክ የተቈረጠውን ጨርቅ በሙሉ ጨርቅ ላይ አኑሮ ዙሪያውን መስፋት ነው። በሁለቱም መንገድ ሠሪዋ አስቀድማ በሐሳቧ ትለካለች፤ ስንት ቀይ፥ ስንት ሰማያዊ እንደሚያስፈልጋት፥ የትኛው ቀለም ከየትኛው አጠገብ ቢውል እንደሚያምር ትመረምራለች። በእኛ ቋንቋ ድሪቶ የሚለው ቃል ለድኻ ልብስ የተሰጠ ስለ ሆነ፥ የእራፊ ብርድ ልብስ ሲባል ጆሮ የሚንቀው ይመስለናል። ነገር ግን ድሪቶ የሚጣፈው ቀዳዳ ለመሸፈን ነው፤ ኩዊልት ግን ቀዳዳ በሌለበት፥ ከብዙ ቍራጭ አንድ ሙሉ ነገር ለመፍጠር የሚሰፋ ነው።

ብዙ ሰዎች ይህ ሥራ የጀመረው ወደ አሜሪካ በመጀመሪያ የገቡት እንግሊዞች ከድኽነታቸው የተነሣ የአሮጌ ልብስ ቍራጭ እየሰበሰቡ በመስፋታቸው ነው ይላሉ። የታሪክ ሊቃውንት የሟቾችን የንብረት መዝገብ በመረመሩ ጊዜ ግን ነገሩ እንደዚያ ሆኖ አልተገኘም። በዚያ ዘመን ጨርቅ ከባሕር ማዶ የሚመጣ፥ ዋጋው የከበረ ዕቃ ስለ ነበረ፥ ኩዊልት የሚገኘው በባለጸጎች ቤት ብቻ ነበረ። የእራፊው ሥራ በየገበሬው ቤት የገባው በ19ኛው መቶ ዓመት፥ የጨርቅ ፋብሪካ በዝቶ የቀለም ጨርቅ ዋጋው በረከሰ ጊዜ ነው።

የጨርቁ መርከስ ደግሞ የራሱ መራራ ታሪክ አለው። በ1793 ዓ.ም. ኢላይ ዊትኒ የተባሉ ሰው ጥጥ የሚዳምጥ መኪና ሠሩ። ከዚያ በፊት ብዙ ሰው በእጁ ሲለቅመው የሚውለውን ፍሬ መኪናው በጥቂት ጊዜ የሚለይ ስለ ሆነ፥ የጥጥ እርሻ በደቡቡ ክፍል እንደ እሳት ተዛመተ፤ ለእርሻውም የባሪያ ጕልበት ተፈለገ። በ1790 ዓ.ም. በአገሩ ውስጥ በባርነት የነበሩት ሰዎች 700000 ያህል ነበሩ፤ በ1860 ዓ.ም. ግን ወደ 4000000 ደርሰው ተቈጠሩ። እንግዲህ በሰሜን ያለችው የገበሬ ሚስት በደስታ የምትሰፋው ባለ አበባ ጨርቅ፥ በደቡብ ያለችው ባሪያ በግርፋት የለቀመችው ጥጥ ነበረ። ይህን ሳያስታውሱ የኩዊልትን ውበት ብቻ ማመስገን ግማሹን ታሪክ መተው ይሆናል።

ሥራው በቤት ውስጥ የሚሠራው በሁለት ክፍል ነው። የላይኛውን ድርብ አንዲት ሴት ብቻዋን በክረምቱ ወራት ትገጣጥመዋለች። ሦስቱን ድርብ ማያያዝ ግን ለአንድ ሰው አድካሚ ስለ ሆነ፥ ጎረቤቶችዋን ጠርታ እንደ ደቦ ያለ ጉባኤ ታደርጋለች። ብርድ ልብሱ በአራት እንጨት መወጠሪያ ላይ ይዘረጋል፤ ሴቶቹ በአራቱ ወገን ተቀምጠው ከዳር ወደ መካከል ይሰፋሉ። ቤቱ ጠባብ የሆነ እንደ ሆነ መወጠሪያው በገመድ ከጣራ ይንጠለጠላል፤ ሲሠሩ ያወርዱታል፥ ማታ ወደ ላይ ይስቡታል። ለብዙ ገበሬ ሴቶች ከቤተ ክርስቲያን በቀር ባልንጀራ የሚያገኙበት፥ ምክርና መድኃኒት የሚለዋወጡበት፥ የልጆቻቸውንም ጋብቻ የሚነጋገሩበት ቦታ ይኸው ነበረ።

ለየሥራውም ስም አለው። በቀጫጭን ቍራጭ እየተከበበ የሚሰፋው የግንድ ቤት ይባላል፤ በብዙዎቹም ላይ መካከለኛው ቍራጭ ቀይ ይሆናል፤ የቤቱ ምድጃ ምሳሌ ነው ይላሉ። ሌላው የሚበርሩ ዝይዎች፥ ሌላው የድብ መዳፍ፥ ሌላው የቤተ ልሔም ኮከብ ይባላል። ወዲህና ወዲያ የሚጣመመው ደግሞ የሰካራም መንገድ ተብሏል። እነዚህን ስሞች ከእናት ወደ ልጅ ያስተላለፈው ቃል ነው፤ አንዱም መልክ በየአውራጃው ልዩ ልዩ ስም ይዞ ይገኛል።

ለመልኩ ስም ሲወጣለት ለሠሪዋ ግን ስም ሳይጻፍ መቅረቱ የሚያሳዝን ነው። ከ1840 ዓ.ም. ጀምሮ ጥቂት ጊዜ በባልቲሞር ከተማ የተሠሩት ኩዊልቶች በዚህ ረገድ ልዩ ናቸው። ብዙ ሴቶች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ክፍል በአበባና በወፍ አስጊጠው ይሰፋሉ፤ በየክፍሉም ላይ በማይለቅ ቀለም ስማቸውን ይጽፋሉ፤ ሁሉንም አጋጥመው ለሚሄድ ካህን ወይም ለምታገባ ልጃገረድ ይሰጣሉ። ወደ ምዕራብ አገር በሠረገላ ለሚሰደዱም ቤተ ሰቦች እንዲህ ያለ የስም ብርድ ልብስ ይሰጥ ነበረ። በዚያ ዘመን ርቆ የሄደ ሰው ተመልሶ መምጣቱ የማይታሰብ ስለ ነበረ፥ የዘመዶቹ ስም ሌሊት በሚለብሰው ልብስ ላይ አብሮት ይሄዳል።

ስለ አንድ ሠሪ ከዚህ ዘርዘር አድርገን ልንናገር ይገባናል። ወይዘሮ ሐሪየት ፓወርስ በ1837 ዓ.ም. በጆርጂያ ግዛት በአቴንስ ከተማ አቅራቢያ በባርነት ተወለዱ። በ1865 ዓ.ም. ባርነት ከቀረ በኋላ ከባላቸው ጋር ጥቂት መሬት ይዘው በእርሻ ይኖሩ ነበር። በ1886 ዓ.ም. በአቴንስ ከተማ የጥጥ ትርዒት በተደረገ ጊዜ አንድ ኩዊልት አቀረቡ። በላዩ 11 ሥዕል አለበት፤ የተቀለመ ሳይሆን ሁሉም በጨርቅ የተቈረጠ ነው። አዳምና ሔዋን በገነት፥ ቃየል አቤልን ሲገድል፥ ያዕቆብ መሰላሉን በሕልሙ ሲያይ፥ የጌታ ጥምቀት፥ የመጨረሻው እራት፥ ይሁዳ ከሠላሳው ብር ጋር፥ ስቅለቱም ተራ በተራ ይታያሉ። መጽሐፍ ለሚያውቅ ሰው፥ ከፍጥረት ተነሥቶ ወደ መዳን የሚደርስ አንድ ሙሉ ትምህርት ነው።

በዚያው ከተማ የሥዕል አስተማሪ የነበሩት ወይዘሪት ጄኒ ስሚዝ ይህን አይተው እጅግ ተደነቁ፤ ሠሪዋንም ፈልገው አግኝተው ልግዛዎ አሏቸው። ወይዘሮ ሐሪየት ግን በምንም ዋጋ አልሸጥም አሉ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ችግር በጸናባቸው ጊዜ ሊሸጡት ቈርጠው፥ በበሬ በሚሳብ ጋሪ ተቀምጠው፥ ኩዊልቱን በንጹሕ የዱቄት ከረጢት፥ ከረጢቱንም በሌላ ጆንያ ጠቅልለው በጭናቸው ላይ ይዘው መጡ። የጠየቁት 10 ዶላር ነበረ፤ ወይዘሪት ስሚዝ ለመስጠት የቻሉት ግን 5 ዶላር ብቻ ነበረ። ወይዘሮ ሐሪየት ከባላቸው ጋር ተመካክረው በዚሁ ዋጋ ሰጡ። ከመለየታቸው በፊት ግን የእያንዳንዱን ሥዕል ትርጓሜ በቃላቸው አስረዱ፤ ወይዘሪት ስሚዝም ቃሉን በጽሕፈት አኖሩት። ከዚያም በኋላ ሠሪዋ የገዛ ሥራቸውን ለማየት ደጋግመው ይመጡ እንደ ነበረ ገዢዋ ጽፈዋል። እናት ለሌላ ሰው የሰጠችውን ልጅ ለማየት እንደምትመላለስ ማለት ነው።

ሁለተኛው ሥራቸው እስከ 1898 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የተፈጸመ ሲሆን 15 ሥዕል አለው። በዚህኛው ላይ ከመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ጋር በአገሩ የደረሰውን ተአምራት የሚመስል ነገር አቀላቅለው ሰፍተዋል። ሜይ 19 ቀን 1780 ዓ.ም. በሰሜን ምሥራቅ ክፍል ፀሐይ በቀትር የጨለመችበት ቀን አለበት፤ ሊቃውንት ዛሬ የጨለማው ምክንያት የደን ቃጠሎ ጢስ መሆኑን ይናገራሉ። ኖቬምበር 13 ቀን 1833 ዓ.ም. የሰማይ ኮከቦች እንደ ዝናም የወረዱባት ሌሊትም አለችበት፤ ሕዝቡ የዓለም ፍጻሜ ደረሰ ብሎ የተንቀጠቀጠባት ሌሊት ናት። ይህች ሌሊት ያለፈችው ወይዘሮ ሐሪየት ከመወለዳቸው 4 ዓመት ቀድሞ ነው፤ እንግዲህ ከሽማግሎች አፍ የሰሙትን በመርፌ መጻፋቸው ነው። ከዚህም ሁሉ ጋር ከጆርጂያ እስከ ቨርጂንያ 500 ማይል ሮጣ የሄደች ቤትስ የምትባል እሪያ ተሰፍታለች። አንዳንድ ሰዎች ይህችን ከባርነት ወደ ሰሜን የሸሹት ምሳሌ ናት ብለው ይተረጕሟታል።

ወይዘሮ ሐሪየት በ1910 ዓ.ም. ሲያርፉ ከአካባቢያቸው ሰው በቀር ብዙ የሚያውቃቸው አልነበረም። መቃብራቸውም ከቍጥቋጦ በታች ተረስቶ ኖሮ፥ የመቃብራቸው ድንጋይ የተገኘው በ2005 ዓ.ም. ነው። ዛሬ በ5 ዶላር የተሸጠው ሥራቸው በዋሽንግተን በስሚሶኒያን የአሜሪካ ታሪክ ቤተ መዘክር፥ ሁለተኛውም በቦስተን የሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ተጠብቀው ይኖራሉ። ወይዘሪት ስሚዝ የሠሪዋን ቃልና ስም ባይጽፉ ኖሮ ግን ይህ ሁሉ የማን ሥራ እንደ ሆነ ባልታወቀም ነበር። አንዲት ሉክ ወረቀት አንድን ስም ከመርሳት እንዴት እንደምታድን ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም።

ስምን መጻፍ ሲገባ ባለመጻፍ የሚደርሰውን በደል ደግሞ በ1933 ዓ.ም. የሆነው ያሳያል። በዚያ ዓመት በቺካጎ ከተማ የዓለም ትርዒት ተደርጎ ነበር። ሲርስ የተባለው ታላቅ የንግድ ቤት በአገሩ ሁሉ የኩዊልት ውድድር ባሳወጀ ጊዜ፥ ከ24000 የበለጡ ሥራዎች ቀረቡ። ዘመኑ ሥራና ገንዘብ የታጣበት ጽኑ የችግር ዘመን ነበረና፥ ከ1000 ዶላር የማያንሰው አንደኛ ሽልማት ለአንድ ገበሬ ቤት የብዙ ዓመት ገቢ ነበረ። ሽልማቱን ያገኘችው በኬንታኪ ግዛት ሱቅ የነበራት አንዲት ሴት ነበረች። ከብዙ ዘመን በኋላ ግን ነገሩ ሲመረመር፥ በዚያ ኩዊልት ላይ አንዲት ስፌት እንኳ የእርስዋ አለመሆኗ ታወቀ። የሠሩት በጥቂት ዋጋ የተቀጠሩ ሌሎች ሴቶች ነበሩ፤ ሥራ እንዳይቋረጥባቸው ፈርተው ዝም አሉ፤ ከሽልማቱም አልተካፈሉም። ኩዊልቱ ለፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ባለቤት ለወይዘሮ ኤሌኖር ሩዝቬልት ተበረከተ፤ ዛሬ ግን የት እንደ ደረሰ አይታወቅም።

ከዚህ ቀጥሎ የአላባማን ሴቶች ነገር እንተርካለን። የአላባማ ወንዝ በሦስት ወገን ከብቦት እንደ ደሴት የሆነ ጂስ ቤንድ የሚባል ስፍራ አለ። በ1816 ዓ.ም. ጆሴፍ ጂ የተባለ ባለ መሬት የጥጥ እርሻ አቆመበት፤ በ1845 ዓ.ም. ወደ ማርክ ፔትዌይ እጅ ተላለፈ። ይህ ጌታ ባሪያዎቹን ከሰሜን ካሮላይና በእግራቸው እንዳስመጣቸው ይነገራል። ባርነት ከቀረ በኋላም ልጆቻቸው በዚያው መሬት ጭሰኞች ሆነው ቀሩ፤ ዛሬም ብዙዎቹ የሚጠሩት ፔትዌይ በሚለው በዚያው በጌታው ስም ነው። በ1932 ዓ.ም. ሲያበድራቸው የነበረው ነጋዴ በሞተ ጊዜ ወራሾቹ ዕዳውን ለመሰብሰብ መጡ፤ ከብቱን፥ የእርሻውን መሣሪያ፥ በጎተራ ያለውን እህል ሳይቀር ጭነው ሄዱ። ሕዝቡ ከዚያ ክረምት የተረፈው በቀይ መስቀል እርዳታ ነው። ከጥቂት ዓመት በኋላ መንግሥት መሬቱን ገዝቶ ከፋፍሎ ለጭሰኞቹ በብድር ስለ ሸጠላቸው፥ ብዙዎቹ ባለ ርስት ለመሆን በቁ።

የዚያ አገር ቤት ንፋስ በግድግዳው ቀዳዳ የሚገባበት ነበረ፤ ስለዚህ ሴቶቹ ያገኙትን ሁሉ ይሰፉ ነበር። ያረጀ የሥራ ሱሪ፥ የዱቄት ከረጢት፥ የትምባሆ መያዣ ጨርቅ፥ ሁሉም በመርፌያቸው ሥር ገባ። የቤት ጣራ ብለው የሚጠሩትን አራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ውስጥ የሚዞረውን መልክ አብዝተው ይወዳሉ፤ ነገር ግን እያንዳንዷ ሴት መስመሩን በገዛ ፈቃዷ ታጣምመዋለች፥ ታሰፋዋለች፥ ታጠበዋለች።

ከእነዚህ ሁሉ በ1942 ዓ.ም. የተሠራው አንዱ ልብ የሚነካ ነው። ወይዘሮ ሚዙሪ ፔትዌይ ባላቸው በሞቱባቸው ጊዜ የሟቹን የእርሻ ልብስ ሰበሰቡ። ሰማያዊው በላብና በፀሐይ ነጥቷል፤ ጕልበቱ የተንበረከከበት ተበልቷል፤ ኪሱ የነበረበት ስፍራ ፀሐይ ስላላገኘው ቀለሙ እንደ ጠቈረ ነው። ይህን አንዱንም ሳይሰውሩ ቈራርጠው ብርድ ልብስ ሰፉት፤ እርሱን የሚያስታውሱበትና በፍቅሩ የሚሸፈኑበት እንዲሆን ነው። ያን ጊዜ 17 ዓመት የሆናት ልጃቸው አብራ ሰፍታለች፤ ታሪኩንም ለኋለኛው ትውልድ የተናገረችው እርስዋ ናት። የሰው ልብስ ከሰውየው በኋላ ሲቀር የሚሰማውን የሚያውቅ ሁሉ ይህ ኀዘን ሊተረጐምለት አያስፈልግም።

በ1960ዎቹ ዓመታት ጥቁሮቹ የመምረጥ መብታቸውን ሲጠይቁ ጂስ ቤንድ ዳግመኛ ተፈተነ። ወንዙን አሻግሮ ወደ ካምደን ከተማ ያደርስ የነበረው ጀልባ በ1962 ዓ.ም. ተቋረጠ፤ ለመራጭነት ለመመዝገብ የሚሄድ ሰው በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ዞሮ ይሄድ ጀመር። ጀልባው እንደገና ሥራ የጀመረው በ2006 ዓ.ም. ነው። በ1965 ዓ.ም. ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ወደዚያ መጥተው ሕዝቡን አጽናኑ። ፍራንሲስ ዋልተር የሚባሉ ካህን በዚያ አውራጃ ሲያልፉ በገመድ ላይ የተሰጡትን ኩዊልቶች አይተው ተደነቁ፤ ሴቶቹም በ1966 ዓ.ም. የነጻነት የኩዊልት ማኅበር አቆሙ። ሥራቸው በኒውዮርክ ከተማ በጨረታ ተሸጠ። በእጃቸው ገንዘብ አይተው ለማያውቁት ለብዙዎቹ፥ ይህ የመጀመሪያው የራሳቸው ደመ ወዝ ሆነ።

የቀደሙት ሥራዎች በ2002 ዓ.ም. በሂዩስተን የሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር፥ ቀጥሎም በኒውዮርክ በዊትኒ ቤተ መዘክር በታዩ ጊዜ፥ አንጋፋ የሥነ ጥበብ መርማሪዎች ከዘመናችን ሠዓሊዎች ሥራ ጋር እኩል አድርገው አመሰገኗቸው። በ2006 ዓ.ም. የአገሩ የፖስታ መሥሪያ ቤት የ10 ኩዊልት መልክ በቴምብር ላይ አሳተመ። በዚህ ጊዜ የሠሪዎቹ ስም ከሥራቸው አጠገብ ተጽፎ ነበር። ነገር ግን ስም መጻፍ ብቻ አይበቃም፤ ጥቅሙም ለባለቤቱ ሊደርስ ይገባል። በ2007 ዓ.ም. ከሠሪዎቹ ሦስቱ፥ ከሥራችንና ከመልካችን የሚገባን ዋጋ አልተከፈለንም ሲሉ ክስ አቀረቡ፤ ነገሩም በ2008 ዓ.ም. በስምምነት ተፈጸመ። ክሱ በማንም ላይ ቢሆን፥ ከባሪያዎች ዘር የተወለደች ሴት በመርፌዋ የሠራችው ንብረቷ መሆኑን በፍርድ ቤት ፊት ቆማ መናገሯ በራሱ ታላቅ ነገር ነው።

ስለ ጥቁሮች ኩዊልት አንድ ወሬ በሰፊው ይወራል። ከባርነት የሚያመልጡት ሰዎች በአጥር ላይ በተሰጣ ኩዊልት መልክ መንገዳቸውን ያውቁ ነበር ይባላል። ይህ በ1999 ዓ.ም. በወጣ አንድ መጽሐፍ ምክንያት ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰማ። ነገር ግን ያመለጡት ራሳቸው በተዉት ታሪክ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አይገኝም፤ የታሪክ መርማሪዎችም አልተቀበሉትም። ወይዘሮ ሐሪየት የሰፉትና ወይዘሮ ሚዙሪ የገጣጠሙት እውነተኛ ታሪክ እያለ ተረት መጨመር አያስፈልግም።

ኩዊልት ከአልጋ ላይ ተነሥቶ በታላቅ ቤተ መዘክር ግድግዳ ላይ እንደ ሥዕል የተሰቀለው በ1971 ዓ.ም. በዊትኒ ቤተ መዘክር ነው። በፔንሲልቫኒያ ግዛት በላንካስተር አውራጃ የሚኖሩት አሚሽ የሚባሉት ክርስቲያኖች የሠሩትም ከዚያ በኋላ በየስፍራው ተፈለገ። እኒህ ሰዎች ከዓለም ጌጥ የሚርቁ፥ አበባ የታተመበት ጨርቅ የማይለብሱ ሲሆኑ፥ ኩዊልታቸው ከወይን ጠጅና ከጥቁር ሰማያዊ፥ ከአረንጓዴና ከቀይ ሙሉ ጨርቅ የተገጠመ ነውና፥ ያለ ጌጥ የሚያስደንቅ ነው። ይሁን እንጂ በየግድግዳው ከተሰቀሉት ከብዙዎቹ በታች የተጻፈው ሠሪው ያልታወቀ የሚል ነበረ።

ይህን ጕድለት ለማቃናት በ1981 ዓ.ም. በኬንታኪ ግዛት የምዝገባ ሥራ ተጀመረ፤ ሌሎችም ግዛቶች ተከተሉ። ሕዝቡ ቀን ተቀጥሮለት ከየሣጥኑ ያለውን ኩዊልት ይዞ ይመጣል፤ መርማሪዎቹ መልኩንና ጨርቁን ይጽፋሉ፥ ፎቶግራፍ ያነሣሉ፥ ማን እንደ ሠራው፥ ለማን እንደ ተሰጠ ሽማግሎችን ይጠይቃሉ። እንዲህ ሆኖ የብዙ ሺሕ ሴቶች ስም ከመጥፋት ዳነ። ዛሬ በነብራስካ ግዛት በሊንከን ከተማ፥ በኬንታኪም በፓዱካ ከተማ ለኩዊልት ብቻ የቆመ ቤተ መዘክር አለ።

ስምን በጨርቅ ላይ የመጻፍ ነገር ከሁሉ የጐላው ግን በኤድስ በሽታ ዘመን ነው። በዚህ በሽታ የሞቱት ሰዎች ብዙዎቹ በኀፍረትና በፍርሃት ምክንያት ያለ ሥርዓት ይቀበሩ ነበር። በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ወዳጆቻቸው ለእያንዳንዱ ሟች አንድ አንድ ክፍል ጨርቅ ሰፉ፤ ወርዱ 3 ጫማ፥ ቁመቱ 6 ጫማ ነው፤ ይኸውም የመቃብር ልክ ነው። ኦክቶበር 11 ቀን 1987 ዓ.ም. በዋሽንግተን በታላቁ አደባባይ ሲዘረጋ 1920 ክፍሎች ነበሩ፤ የሟቾቹም ስም እየተጠራ ተነበበ። ዛሬ ወደ 50000 ክፍሎች ደርሷል፤ ክብደቱም 54 ቶን ነው። ከእናቶች ብዙዎቹ መርፌ ያነሡት የልጃቸውን ስም ለመስፋት ነው። ዘመድ የሸሸውን ሰው ስም በአደባባይ ያቆመው ይህ የጨርቅ ሥራ ነው።

አሁን የቀረን አንድ ነገር ነው። በአሜሪካ ያሉት የኩዊልት መምህራን ለተማሪዎቻቸው ከሚሰጡት ምክር አንዱ፥ ሥራው ሲፈጸም በገበሩ ማዕዘን ላይ ትንሽ ጨርቅ ሰፍተው የሠሪዋን ስም፥ ዓመቱን፥ ቦታውን፥ ለማን እንደ ተሠራ እንዲጽፉበት ነው። ይህ የትዕቢት ምልክት አይደለም። ጨርቅ ከሰው ዕድሜ በላይ ይኖራል፤ የሥጋ ዓይን ግን ጨርቁን አይቶ ሠሪዋን ማወቅ አይችልም። ወይዘሮ ሐሪየት ፓወርስ በጋሪ ተቀምጠው ከልባቸው የማይለየውን ሥራ በ5 ዶላር ሲያስረክቡ የተናገሩት ቃል ባይጻፍ ኖሮ፥ ዛሬ ሺህ ሰው ቆሞ የሚመለከተው ሥራ ባለቤት ያልታወቀለት ጨርቅ ይሆን ነበር። በየቤቱ ሣጥን ውስጥ የእናትና የአያት እጅ የሠራው ነገር ያለው አንባቢ ሁሉ፥ የሚያስታውስ ሰው በሕይወት ሳለ ስሟን ጠይቆ ይጻፍ። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው አንድ መርፌ፥ ጥቂት ክር፥ አንድ የጨርቅ ቍራጭ ብቻ ነው።